ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚታመም መስመር

ጉታ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ መስመሩም ለሦስተኛ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ጠበቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። የሐምሌ ወበቅ ከባሕሩ ተነስቶ በረንዳችን ላይ ወጥቷል፤ የመስኮቱ ብረት ገና በጠዋቱ እጅ ያቃጥላል። እኔ የጉታን ኮቴ እየቆጠርኩ ነበር። ደረጃችን አሥራ ዘጠኝ ነው፤ እሱ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ስለሚወጣ አሥር ጊዜ ብቻ ይረግጣል። ይህን ማወቄን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚህ ሳምንት ጀምራችሁ ለምታነቡኝ፣ ያለፈው በአጭሩ ይህ ነው። መነን እባላለሁ። ጅቡቲ ተወልጄ ዘጠኝ ዓመት ፈረንሳይ አገር ግሬኖብል ተማርኩ፣ ሠራሁም። የተመለስኩት ለአባቴ አርባ ነበር፤ አሁን ሙት ዓመቱ ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እኔም አልሄድኩም። ሻንጣዬን ግን እስከ መጨረሻው አላራገፍኩትም። እዚያ ሳለሁ ቤቴ እዚህ ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ስሆን እዚያ የረሳሁት ዕቃ ያለ ይመስለኛል። ግሬኖብል ያለ አንድ የካርታ ሥራ ቢሮ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ በስካይፕ ሁለት ጊዜ ሊያነጋግሩኝ ሞክረው ሁለቴም ምስሌ አፌን እንደከፈትኩ ደርቆ ቀረ። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የመጨረሻው መሆኑን በትሕትና ጽፈውልኛል።

ጉታ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነው። የሚኖረው ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በራችንን አንኳኩቶ «መስመር ተበላሸብን ያላችሁት እናንተ ናችሁ?» ካለ ጀምሮ፣ የተበላሸው መስመሩ ብቻ አይደለም።

የኢንተርኔቱ ሞደም ፊት ተንበርክኮ መጀመሪያ ዳንቴሉን አነሳ። እናቴ ቴሌቪዥኑንና የፍሪጁን አናት በእጇ በሠራችው ዳንቴል እንዳለበሰች፣ ሞደሙንም አልብሳዋለች። እሱ በመጣ ቁጥር ያነሳዋል፤ በሄደ ቁጥር እሷ መልሳ ታለብሰዋለች።

«እትዬ አፀደ፣ ይሞቀዋል አላልኩም?»

«ራቁቱን ይቀመጥልህ?» አለች እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ይልቅ አንተ የማን ልጅ ነህ አልከኝ?»

ይህንም በመጣ ቁጥር ትጠይቀዋለች።

«የሾፌሩ የእሸቴ።»

«የከባድ መኪና።»

«የከባድ መኪና፣ እናቴ። ነፍሱን ይማረውና ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ጅቡቲ።»

«እህ» አለች፤ ክሯንም ጠበቅ አደረገችው። አባቴ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ሹም ነበር። ከበረንዳችን ሣር የበቀለበት ሐዲድ ይታያል። በእኛ ቤት የከባድ መኪና ሾፌር ማለት ባቡሩን የገደለ ማለት ነው።

ጉታ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ሶኬቱን ፈታ። የባሕር ጨው ያወጣበትን አረንጓዴ ዝገት ፋቀ፣ ገመዱን ቀየረ፣ ፍጥነቱን ለካ።

«ሙሉ ነው። እንዲያውም የአምባሳደር መስመር ይመስላል። ሌላ ስልክ የለም አይደል ቤት ውስጥ?»

«የለም አልኩህ እኮ። ሳሎን ያለው ብቻ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። የእሱ እይታ አይቸኩልም፤ እንደሚለካ ሰው ነው የሚያየው። እኔ ቀድሜ ዓይኔን ወደ ሐዲዱ አዞርኩ።

የሥራ ወረቀቱ ሦስት ቅጂ አለው፤ ነጩ ለቢሮ፣ ቢጫው ለእሱ፣ ሮዙ ለደንበኛ። ጉታ ሦስቱንም በካርቦን በፈረንሳይኛ ከሞላ በኋላ ሮዙን ይገነጥልና፣ ካርቦኑ በማይደርስበት ግርጌው ላይ በአማርኛ ይጽፍልኛል። በመጀመሪያው ቀን «መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ደንበኛዋ ግን አላመነችም» ብሎ ነበር። በሁለተኛው፣ «ደንበኛዋ ስትናደድ በፈረንሳይኛ ነው። ገብቶኛል፤ እንድትቀጥል ብዬ ግን እንዳልገባው ሰው ሆንኩ።» እኔም ጀርባው ላይ መልስ ጽፌ ሞደሙ ሥር አስቀምጥለት ነበር፤ አንብቦ እዚያው ይመልሰዋል። የዛሬውን እስኪወጣ ጠብቄ አነበብኩ።

«ደንበኛዋ ሐሙስ ይሳካላት። ጠጋኙ ሌላ ምን እንደሚመኝ አይጠየቅም።»

ወረቀቱን አጥፌ እጄ ውስጥ ያዝኩት። ላቤ ቀለሙን እስኪያደበዝዘው ድረስ አለቀቅኩትም።

*

በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ከተማው እንደወትሮው በሩን ዘጋ። እዚህ ከሰባት እስከ አሥር ሱቅ የለም፣ ቢሮ የለም፣ መንገድ ላይ ሰው የለም። የተኛው ይተኛል፣ ጫት የሚቅመው ይቅማል። እናቴ መኝታ ቤቷ ገባች። እኔም የተኛሁ መስዬ ክፍሌን ዘግቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መስመሩ ታሞ ነበር። አንድ ገጽ ለመክፈት ስድስት ደቂቃ። ግሬኖብል ያለችውን ጓደኛዬን ለሙከራ ደወልኩላት፤ ግንባሯ መጣ፣ አገጯ ሳይመጣ ተቋረጠ። አሥር ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሲነቃ፣ መስመሩም አብሮ ነቃ።

«ልንገርሽ?» አለች እናቴ ማታ፣ ዳንቴሉን ሞደሙ ላይ እያስተካከለች። «ያ ልጅ ሲመጣ ይድናል፣ ሲሄድ ይታመማል። እኔ አልተማርኩም፤ ግን ይሄ የመስመር በሽታ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እየነካካው ነው የሚሄደው። ለመመላለስ። የሾፌር ልጅ፣ መንገድ ይወዳል።»

አላመንኳትም። ሌሊቱን ግን ሦስቱን ሮዝ ወረቀቶች ደጋግሜ አነበብኩ፤ በስምንተኛው ጊዜ ቃላቱ ሌላ ፊት አወጡ። ጠጋኙ ሌላ ምን እንደሚመኝ አይጠየቅም። እንዴት አይጠየቅም? ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት መጠራጠር ነው፤ ጥሩ አድርገው አስተምረውኛል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ማዕከላዊ ገበያ አገኘሁት። መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሽቦ ይጎትታል። ከሥሩ ጫት ሻጮቹ ባዶ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ጫቱን የሚያመጣውን መኪና ይጠብቃሉ።

«ውረድ!» አልኩት።

«ማን ሞተ?»

«መስመሬ! አንተ ስትመጣ ይድናል፣ ስትሄድ ይሞታል። ማን ነው የሚያበላሸው? ለመመላለስ ነው አይደል?»

ከሻጮቹ አንዷ በሶማልኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ ሁሉም ሳቁ። ጉታ አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ፒንሳውን ቀበቶው ላይ ሰካ።

«በቀን ስድስት ቤት እገባለሁ፣ መነን። አስተካክዬ እወጣለሁ፣ እረሳዋለሁ። ያንቺን ግን አልረሳውም። ለምን ይመስልሻል? ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ምን እንዳለ ነግረሽኛል። እኔ የማስተካክለው የምትሄጂበትን መንገድ ነው። በገዛ እጄ! አበላሽቼው ቢሆን ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ሻጮቹን ላለማየት መሰላሉን ያዝኩ።

«አንድ ቀን እንኳ ታሞ አላሳያችሁኝም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ነው የምትጠሩኝ፣ ጠዋት ጤነኛ ነው። ከሰባት በኋላ ልምጣ።»

«ሁለት ሴቶች ብቻ ያሉበት ቤት? በመኝታ ሰዓት? አብደሃል? ሰፈሩ ሁሉ በመጋረጃ ቀዳዳ ነው የሚያየው። እናቴ ደግሞ ከነመሰላልህ ነው የምትወረውርህ።»

«አውቃለሁ።»

መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ። በዚያው ቅጽበት የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ገበያውን ሰንጥቆ ገባ፤ ሰው ሁሉ ሮጠ። በግርግሩ መሃል ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው የፈረንሳይኛው «ፓርዶን» ነበር።

ዞር ብሎ አየኝ። «አልገባኝም» አለ።

ገብቶት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እንድቀጥል አልፈለገም።

*

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል። ከላይ ጥቁር ኮት ለብሻለሁ፣ ከታች የቤት ሽርጥ፤ ካሜራው ከወገብ በታች አያይም። መስመሩ ታሟል። በአንድ እጄ ሞደሙን አጥፍቼ አበራለሁ፣ በሌላው ግንባሬን እጠርጋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማንም በር አያንኳኳም።

ከፈትኩ። ጉታ ቆሟል፤ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው። ከኋላው አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ ሴት ደረጃውን ጨርሰው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እጃቸው ላይ አንድ ካርቶን ቴምር አለ።

«ብቻዬን መምጣት አይቻልም አልሽ» አለ ጉታ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «እናቴን ይዤ መጣሁ።»

«ሻሼ እባላለሁ፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ። «ሽቦ ነው ብሎ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም ብዬ ነው ይቺን የያዝኩት። ኧረ ደረጃችሁ!»

ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጉታ ሳሎን ያለውን ሶኬት ፈታ፣ የመፈተሻ ስልኩን ሽቦው ላይ አስነከሰና ጆሮው ላይ አደረገ። ጠበቅኩ። ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር ከጆሮው አራቀው።

«ይሄ ለእኔ አይደለም» አለ፤ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋው።

የመስመር ድምፅ አልነበረም። የማራገቢያ ድምፅ ነበር፣ እየተንቀጫቀጨ የሚዞር። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለች ያህል ቀርቦ፦

«...ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ብላለች፣ እመቤቴ። አንደበቷን አቅኚላት። ይሳካላት፣ ትሂድ። እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን መሆን ለምጄዋለሁ...» ማራገቢያው ዞረ። «አልለመድኩትም። ግን እሷ እንዳትሰማ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ወይዘሮ ሻሼ ምን ሰማሽ ብለው አልጠየቁኝም፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«ሌላ ስልክ አለ፣ መነን» አለ ጉታ በቀስታ። «እጀታው ተነስቶ የተቀመጠ።»

አለ። ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ሦስት ጊዜ የለም ያልኩት። የአባቴ ጥቁር ስልክ፣ ጡረታ ሲወጣ ከጣቢያው ይዞት የመጣው፣ ከአልጋው በእሱ በኩል ያለው። ለእኔ ስልክ መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ እንደ መነጽሩና እንደ ኮፍያው የእሱ ዕቃ ነበር።

መኝታ ቤቱን ስከፍት እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። የስልኩ እጀታ የአባቴ ትራስ ላይ ተጋድሟል።

«እማዬ፣ ይሄን ለምን አነሳሽው?»

«እንዳይቀሰቅስሽ ነዋ» አለች፣ የማያስጠይቅ ነገር እንደተጠየቀ ሰው። «የመጣሽ ሰሞን ሌሊት አትተኚም ነበር። ከሰዓት እንኳ ትተኛ ብዬ፣ ከሰባት እስከ አሥር ማንም እንዳይደውል አነሳዋለሁ። ምን አጠፋሁ?»

አሥር ወር ገደማ። እሷ እንድተኛ መስመሩን ትዘጋለች፤ እኔ የተኛሁ መስዬ በዚያው መስመር ለመሄድ እታገላለሁ።

«ኢንተርኔቱ እኮ በዚሁ ሽቦ ነው የሚመጣው!»

«በአየር ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ፤ አቀፍኳት። ሳሎን ስትወጣ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላ ያጣፉ እናት፣ ቴምር ጠረጴዛው ላይ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ።

«በስምንት ሰዓት?» አለች እናቴ። «ሽማግሌ በስምንት ሰዓት ይመጣል? ያውም ሳይነገረን?»

«ኧረ እኔ ለስልኩ ነው የመጣሁት!» ወይዘሮ ሻሼ ከወንበሩ ብድግ አሉ። «ልጁ ብቻውን እንዳይገባ ብዬ!»

«ለስልክ ቴምር ይመጣል?»

«ታዲያ ባዶዬን ልምጣ? ቴምሩን ካልፈለጉት እወስደዋለሁ!»

«አልፈልግም አልኩ?» እናቴ ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከዚያ የሴትዮዋን ፊት ልብ ብላ አየች። «የእሸቴ ባለቤት ነዎት?»

«ነበርኩ። አዋሽ መንገድ ላይ ቀረብኝ፣ አራት ዓመት ሆነው። መኪናው ብቻ መጣ።»

እናቴ እጇን ከካርቶኑ ላይ አነሳች። ያንን «እህ» ስጠብቅ ነበር፤ አላለችውም። «የእኔስ» አለች ቀስ ብላ፣ «የቤቱ ስልክ ብቻ ቀረልኝ። እስኪ ይቀመጡ።»

ጉታ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ደፍ አልተሻገረም።

«ግባ» አለችው እናቴ። «ግን በቀስታ፤ የሰውዬው ነው።»

የአባቴን ስልክ እንደ ሕፃን አንስቶ እጀታውን በቦታው መለሰው። ከቦርሳው የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የምትለይ ጣት የምታክል ፊልተር አውጥቶ በስልኩና በግድግዳው መሃል ሰካ። «አሁን እንደ ልብዎ ያንሱት፣ እትዬ አፀደ። መስመሩ አይታመምም።»

ለካ። ቁጥሩ ሙሉ ነበር። ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ወረቀቱን ሞላ፣ ሮዙን ገንጥሎ ሰጠኝ። «ውጭ ያለውን ሳጥን ዘግቼ ልሂድ» ብሎ ወጣ። ግርጌውን አየሁ። ባዶ ነበር። ምንም አልጻፈልኝም። ከጻፈልኝ ሁሉ እንደዚያ ባዶ መስመር ያመመኝ የለም።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ፊቶች ጥርት ብለው መጡ፤ የአንዷ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር ይታያል። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ፈረንሳይኛዬ ያለ አንድ መቆራረጥ ሄደ። ከጎኔ ባለው ክፍል ሁለት እናቶች ድምፃቸውን ቀንሰው ቴምር ይበላሉ።

«መቼ መምጣት ትችያለሽ?» አለችኝ የጆሮ ጌጥ ያላት።

ለሦስት ወር የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መልሱን በቃሌ ይዤው ነበር። እጄ ግን ሮዙ ወረቀት ላይ ነበር፣ ባዶው ቦታ ላይ። ሕይወቴን ሙሉ ቤቴ የት እንደሆነ ስጠራጠር ኖሬ፣ ድንገት ጥርጣሬው የት እንደገባ ጠፋኝ።

«ካርታውን ከዚህ ሆኜ ልሥራላችሁ» አልኩ። «መስመሬ እንደምታዩት ጥሩ ነው። ለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው አለኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ያልተለመደ ነው አሉ፤ ሰኞ መልስ እንሰጥሻለን አሉ። እሺ ይሉ ይሆናል፣ ላይሉም ይችላሉ። ልቤ ግን የሰኞን መልስ እየጠበቀ አልነበረም። ላፕቶፑን ሳልዘጋ ተነሳሁ።

«የት ነው በዚህ ፀሐይ?» አለች እናቴ። «በዚያ ኮትና በዚያ ሽርጥ?»

አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ሁለት ሁለቱን ዘለልኩት። መንገዱ ባዶ ነው፣ አስፋልቱ ይንቀለቀላል፣ ከመንገዱ ማዶ የቆመው የባቡር ጣቢያ ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል። ጉታ መሰላሉ ላይ ሆኖ የሳጥኑን ክዳን እያጠበቀ ነበር። ሳየው ገባኝ፤ ያ ክዳን አንድ ሰዓት አይፈጅም።

«ተቋረጠ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«አልተቋረጠም። እንደ ውኃ ነው የፈሰሰው።»

«እንግዲያው...» ፊቱን ወደ ሳጥኑ መለሰ። «እንኳን ደስ አለሽ።»

«ከዚህ ሆኜ እሠራለሁ አልኳቸው።»

ፒንሳው ከእጁ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ነጠረ። ሁለታችንም አላነሳነውም።

«ትናንት ገበያ ላይ ያልኩህ፣ በአማርኛ ይቅርታ ነው» አልኩት። «ገብቶሃል?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«ነገ ና።»

«ነገ አርብ ነው፣ የዕረፍት ቀን፤ ሥራ የለም። ምን ተበላሸ ደግሞ?»

ከሰፈሩ መስኮቶች ሁሉ መጋረጃ ሲነቃነቅ ይሰማኛል። ግድ አልሰጠኝም። ሽርጤን የባሕሩ ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ግማሽ ተከፍቶ መቅረቱን አሰብኩና፣ ዛሬ ማታ የማደርገውን አወቅኩ።

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «ከሰዓት ና። ቦርሳህን ተወውና፣ እናትህን ይዘሃት ና።»